ስሙን የለወጠ ሰው፦ ማንነትና ሕሊና በመድረክ ላይ

ባለፈው ክረምት ደሴ ውስጥ ጥቂት ወጣቶች የሼክስፒርን ተውኔት «ኦቴሎ»ን ሲለማመዱ አብሬያቸው ነበርኩ። ከፒያሳ ወጣ ብሎ በተከራዩት ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። ውጭ ይዘንባል። ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ መንገዱን ሸፍኖታል። የደሴ ክረምት እንዲህ ነው፤ ሰው በር ዘግቶ ይጫወታል።

ኦቴሎን የሚሆነው ልጅ ጽሑፉን አጠፈና፣ «ጋሼ፣ አንድ ነገር አልገባኝም» አለኝ። «ኦቴሎ ጥቁር ነው። እሺ። ግን እኛም ሁላችን ጥቁር ነን። ዴዝዴሞናም ጥቁር ናት። ኢያጎም ጥቁር ነው። ታዲያ እኔ እዚህ መድረክ ላይ ከማን ነው የምለየው?»

መልስ አልነበረኝም። ጥያቄው እስከ ዛሬም አልለቀቀኝም። ይህን የምጽፈው በሱ ምክንያት ነው።

ኦቴሎ ለኛ እንግዳ አይደለም። ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን እንደ «ሐምሌት»ና «ማክቤዝ» ሁሉ ወደ አማርኛ መልሶታል። ታሪኩንም ብዙ ሰው ያውቀዋል። አንድ ጥቁር የጦር አዛዥ ቬኒስን ያገለግላል። የአንድ ትልቅ ሰው ልጅ ዴዝዴሞና ትወደዋለች፤ በድብቅ ይጋባሉ። የበታቹ ኢያጎ ቅናት ይዘራበታል። ሰውየው በአንድ መሐረብ ሰበብ ሚስቱን አፍኖ ይገድላል፤ እውነቱን ሲያውቅ ራሱን።

አብዛኞቻችን የቅናት ታሪክ አድርገን ነው የያዝነው። ልጁ የጠየቀኝ ዕለት ማታ ግን መጀመሪያውን እንደገና አነበብኩት። አንድ ነገር አስደነገጠኝ። በመጀመሪያው ትዕይንት ሰዎቹ ሁሉ ስለ ኦቴሎ ያወራሉ። ይሰድቡታል፣ ይከሱታል፣ ይፈሩታል። ስሙን ግን አንድም ሰው አይጠራውም። «ሙሩ» ይሉታል፤ ያኔ አውሮፓውያን አፍሪካዊን የሚጠሩበት የዘር ስም ነው። በከንፈሩ ይሰድቡታል። ስሙ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጠራው በሦስተኛው ትዕይንት ነው። የሚጠራውም የቬኒስ መስፍን ነው፤ ቱርክ ዘምቶበት ሰውየው ሲያስፈልገው።

ሲፈልጉት ስም አለው። ሳይፈልጉት ዘር ብቻ ነው።

ቆዳ በሚቆጠርበት አገር ይህ ተውኔት ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም። ጥቁሩ አሜሪካዊ ፖል ሮብሰን እ.ኤ.አ. በ1943 ብሮድዌይ ላይ ኦቴሎን ሲጫወት፣ አንድ ጥቁር ሰው ነጭ ሴት ማቀፉ ብቻውን ወሬ ነበር። ተውኔቱ 296 ጊዜ ታየ። ደቡብ አፍሪካ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1987 ጆን ካኒ በጆሃንስበርግ ማርኬት ቲያትር ተጫወተው። ነጭና ጥቁር እንዳይጋቡ የሚከለክለው ሕግ ከተሻረ ገና 2 ዓመቱ ነው። ካኒ ዴዝዴሞናን ሲስም መቀመጫቸውን ጥለው የወጡ ተመልካቾች ነበሩ። እዚያ የልጁ ጥያቄ አይነሳም። ተመልካቹ ራሱ መልሱን ይዞ ይገባል።

እኛ ጋ ግን ቆዳው አይናገርም። ታዲያ ምን ይናገር?

ከወጣቶቹ አንዱ ሐሳብ አቀረበ። «ቀላል ነው» አለ፤ «ኦቴሎ በሌላ አካባቢ ቃና ያውራ»። ክፍሉ ጸጥ አለ። «የየትኛው አካባቢ?» ብሎ የጠየቀ የለም። ሁሉም ለራሱ መልሶታል። ሐሳቡን ያቀረበው ልጅም አንገቱን ደፋ።

ያ ዝምታ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ ላይ ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነቱ ተይዘው እስከ ኅዳር መጨረሻ ቆይተዋል። በዚያ ሰሞንና ከዚያ በኋላ ሰው በአነጋገሩ ሲጠረጠር አይቻለሁ። ለዓመታት አብሮ አቦል ቶና የጠጣ ጎረቤት «ለካ አንተም...» ሲባል ሰምቻለሁ። በማንነታቸው ምክንያት ከሌላ ቦታ ተፈናቅለው ወደ ከተማችን የመጡ ሰዎችም አሉ። አንዲት እናት ከነልጆቿ የወጣችበትን ሌሊት ስታጫውተኝ፣ የምታስታውሰው በሯን ያንኳኳውን ሰው መልክ አይደለም። «በምን ቋንቋ ልመልስለት?» ብላ ያሰበችበትን ቅጽበት ነው።

ስለዚህ ቃናውን ተውነው። በስሙ ሄድን። በተውኔቱ መጀመሪያ ላይ ኦቴሎ በቦታው የለም፤ እኛ ግን መድረኩ ጥግ ላይ አስቀመጥነው። ሰዎቹ ጀርባቸውን ሰጥተውት ያወሩበታል። እሱ ይሰማል። ስሙ እስኪጠራ ይጠብቃል።

አማርኛችን እዚህ ነገር ላይ ይቸገራል። «ዘር» የምንለው እህሉንም ነው፣ ትውልዱንም ነው፣ ብሔሩንም ነው፣ ፈረንጅ በቆዳ ቀለም የሚከፍለውንም ነው። አያቶቻችን ዘር የሚቆጥሩት ለሌላ ጉዳይ ነበር። ሰባት ቤት የሚቆጠረው ዘመድ ከዘመድ እንዳይጋባ ነው። ቆጠራው ልጅን ወደ ሩቅ ቤት ለመዳር ያገለግል ነበር። ያው ቃል ዛሬ በር ለመዝጋት ያገለግላል። ቃሉ አልተለወጠም፤ የያዘው እጅ ነው የተለወጠው።

ታዲያ እንዲህ ያለ ነገር መቼ ነው ትራጄዲ (አሳዛኝ ተውኔት) የሚሆነው? ግፍ ብቻውን ትራጄዲ አይደለም። ግፍ ያናድዳል፣ ያስለቅሳል። የጀርመኑ ፈላስፋ ሄግል ትራጄዲ ሁለት ሐቆች ሲጋጩ ነው ይላል። ምሳሌ የሚያደርጋት የጥንቱን ግሪካዊ ተውኔት ጸሐፊ የሶፎክልስን አንቲጎኔ ነው። ወንድሟን መቅበር አለባት፤ የአገሩ ገዢ ደግሞ ከሃዲ ነውና አይቀበርም ብሏል። ሁለቱም የሚሉት አላቸው። እ.ኤ.አ. በ1973 ደቡብ አፍሪካውያኑ ጆን ካኒ፣ ዊንስተን ንትሾናና አቶል ፉጋርድ ይህችኑ አንቲጎኔን በሮበን ደሴት እስረኞች አፍ አናግረዋታል።

እኔ ግን ከሦስቱ ሰዎች ሥራዎች ይበልጥ የምወደው ከዚያ 1 ዓመት ቀድሞ የወጣውን «ሲዝዌ ባንዚ ሞቷል»ን ነው። ሲዝዌ ሥራ ፍለጋ ፖርት ኤልሳቤጥ ገብቷል። ጥቁሮች እንዲይዙ በሚገደዱት የይለፍ ደብተሩ ላይ ግን ወደመጣህበት ተመለስ የሚል ማኅተም አርፎበታል። ቤት ደግሞ ሚስትና 4 ልጆች እጁን ይጠብቃሉ። አንድ ማታ ከወዳጁ ከቡንቱ ጋር ሲሄዱ መንገድ ላይ የወደቀ ሬሳ ያገኛሉ። የሟቹ ደብተር የሥራ ፈቃድ አለው። ቡንቱ ፎቶውን አንሥቶ የሲዝዌን ይለጥፍበታል። ከዛሬ ጀምሮ አንተ ሮበርት ነህ፤ ሲዝዌ ሞቷል ይለዋል።

ቡንቱ ትክክል ነው። ልጆች በስም አይጠግቡም። ሲዝዌም ትክክል ነው። ስሜን ከጣልኩ ልጆቼ የማን ልጆች ናቸው?

ይህን ጥያቄ እኛ ከማንም በላይ እንረዳዋለን። እኛ ዘንድ የቤተሰብ ስም የሚባል የለም። ልጅ የአባቱን ስም ተሸክሞ ነው የሚሄደው። አባት ስሙን ሲለውጥ የልጆቹንም ስም ለወጠ ማለት ነው። መታወቂያውንም እናውቀዋለን። የቀበሌ መታወቂያ ለዓመታት «ብሔር» የሚል መስመር ነበረው። አንዱን ብቻ ምረጥ ሲባል የእናቱን ይሁን የአባቱን ግራ ገብቶት መስኮቱ ላይ የቆመ ሰው አይቻለሁ። አዲሱ የፋይዳ መታወቂያ ላይ ይህ መስመር የለም። ደስ ብሎኛል። የሰው ዓይን ላይ የተጻፈውን ግን ማንም መሥሪያ ቤት አይሰርዘውም።

ፉጋርድ ከዚያ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1961፣ የሁለት ወንድማማቾችን ታሪክ ጽፏል። «የደም ቋጠሮ» ልንለው እንችላለን። ዘካርያስና ሞሪስ የአንድ እናት ልጆች ናቸው። አንዱ ጠቆር፣ አንዱ ነጣ ያለ። ነጣ ያለው ቢፈልግ ነጭ መስሎ መኖር ይችላል። ሞክሮትም ያውቃል። ወደ ወንድሙ ቆርቆሮ ቤት የተመለሰው ሕሊናው ስላላስተኛው ነው። አንድ ቀን ለጨዋታ ብለው አንዱ ነጭ ጌታ፣ አንዱ ጥቁር አሽከር ይሆናሉ። ጨዋታው ቀስ እያለ ጨዋታነቱ ያልቅና ወንድማማቾቹ ሊጋደሉ ይደርሳሉ። ሌላ ሰው ቤቱ ውስጥ የለም። ሕግ አስከባሪ የለም፣ ፖሊስ የለም። የአገሩ ሕግ በሁለቱ ልብ ውስጥ ነው ያለው።

የወሎ ሰው የአንድ እናት ልጆች ተለያይተው ሲኖሩ አይደነቅም። ወንድም መስጊድ፣ እህት ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱበት ቤት እኛ ጋ ብዙ ነው። አያቱ አሊ፣ አባቱ ይማም፣ እሱ ጌታቸው የሆነ ሰው እዚህ ማንንም አያስገርምም። ይህን ይዘን «ወሎ ፍቅር ነው» እንላለን። እኔም እላለሁ፤ ከልቤ ነው የምለው። ግን አንድ ነገር ልጨምር። የወሎን ሠርግ ልብ ብላችሁ እዩት። ሁለት ከብት ይታረዳል። የክርስቲያኑ ድስት ለብቻ፣ የእስላሙ ድስት ለብቻ ነው። ወጥ ቤቶቹ ማንኪያው እንዳይቀላቀል ሲጠነቀቁ ያድራሉ። ያ ጥንቃቄ ድካም አለው፣ ወጪ አለው፣ አንዳንዴም ቅሬታ አለው። ፍቅሩ ያለው እዚያ ድካም ውስጥ ነው። ልዩነት የለም ብሎ ከሚዘምረው ዘፈን ይልቅ ሁለት ድስት ጥዳ የምታድረው ሴት ትበልጥብኛለች። ለተውኔትም የምትሆነው እሷ ናት።

ይህን ሳስብ ሁሌ ትዝ የሚለኝ የናይጄሪያዊው የዎሌ ሾይንካ ሥራ ነው። «ሞትና የንጉሡ ፈረሰኛ» እ.ኤ.አ. በ1975 ወጣ። መነሻው በኦዮ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ በእውነት የሆነ ነገር ነው። በዮሩባ ወግ ንጉሥ ሲሞት ፈረሰኛው ይከተለዋል። ንጉሡ ከሞተ 30 ቀን ሞልቷል፤ ፈረሰኛው ኤለሲን ዛሬ ማታ መሞት አለበት። እንግሊዛዊው የአውራጃ ሹም ፒልኪንግስ ይህን ይሰማና አረመኔነት ነው ብሎ ያስይዘዋል። ነፍስ ማዳኑ ነው። እንግሊዝ አገር ሕክምና የሚማረው የኤለሲን ልጅ ኦሉንዴ አባቴን ልቅበር ብሎ መጥቷል። አባቱን በሕይወት ሲያገኘው ያፍራል። በአባቱ ፈንታ ራሱ ይሞታል። አባትም የልጁን ሬሳ ሲያይ በታሰረበት ሰንሰለት ታንቆ ይሞታል።

ቶሎ ብሎ ያነበበው ሰው «የነጭና የጥቁር ባህል ግጭት» ይለዋል። ሾይንካ ግን በመግቢያው ላይ እንዲህ እንዳትሉት ብሎ አስጠንቅቋል። ቅኝ ገዢው ነገሩን ያፋጠነው አጋጣሚ ነው እንጂ ዋናው ጉዳይ እሱ አይደለም ባይ ነው። እውነትም ኤለሲን የዘገየው በፒልኪንግስ ብቻ አይደለም። ሊሞት በሄደበት ማታ ገበያ ውስጥ ቆንጆ ልጃገረድ ያያል። ትዳርልኝ ይላል። ይድሩለታል። ነፍሱ ወደ ምድር ተመለሰች። ሹሙ ሲደርስበት ልቡ ቀድሞ ተይዟል። ሾይንካ ግፈኛውን ነጭ ነጻ አላወጣውም፤ የገዛ ወገኑንም ከሕሊና ጥያቄ ነጻ አላወጣውም። ይህ ድፍረት ይጠይቃል። ሾይንካ ይህን የጻፈው እንግሊዝ አገር፣ ካምብሪጅ ሆኖ ነው።

እዚያ ተውኔት ውስጥ አሙሳ የሚባል ፖሊስ አለ። የእንግሊዞች ቅጥር ነው፤ ሙስሊም ነው። ሹሙና ሚስቱ ለጭፈራ ብለው ከዮሩባዎች በግዳጅ የወሰዱትን የሙታን መንፈስ ልብስ ለብሰው ያገኛቸዋል። አሙሳ ይደነግጣል። ይህን ልብስ ለብሳችሁ ስለ ሞት ላናግራችሁ አልችልም ይላል። የሱ እምነት አይደለም። ግን የሌላው ሰው ቅዱስ ነገር ሲረክስ ማየት አልቻለም። ሌላ አገር ያሉ አንባቢዎች አሙሳን እንዴት እንደሚያዩት አላውቅም። የወሎ ሰው ግን አሙሳን ያውቀዋል። ጥምቀት ሲመጣ ታቦት በሚያልፍበት መንገድ የሱቁን በር የሚያጸዳው ሙስሊም ሽማግሌ ነው። በረመዳን ለጎረቤቷ ማፍጠሪያ የምታደርሰው ክርስቲያን እናት ናት።

ወደ ራሳችን መድረክ ልመለስ። ከውጭ ጠላት ጋር የሚደረገውን የሕሊና ትግል የሚያሳይ ትልቅ ተውኔት አለን። የጸጋዬ «ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት» አንዱ ነው። ጳጳሱ ጣልያን አርበኞችን አውግዝ ሲላቸው እምቢ አሉ፤ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በጥይት ተገደሉ። ችግሩ ጠላት ከውጭ ሳይሆን እቤት ውስጥ ሲሆን ነው። በነዚህ ዓመታት ስለ ብሔርና ስለ ሃይማኖት የተሠሩ ብዙ አጫጭር ድራማዎች አይቻለሁ። አካሄዳቸው አንድ ነው። ሁለት ጎረቤታሞች ይጣላሉ። ያጣላቸው ከሌላ ቦታ የመጣ አንድ ክፉ ሰው ነው። ክፉው ይጋለጣል፣ ሁለቱ ይተቃቀፋሉ፣ ዘፈን ይገባል። ተመልካቹ ያጨበጭባል። ማንም ምንም አልመረጠም፤ ማንም ምንም አልከፈለም።

ምክንያቱ ይገባኛል። የሚያሠራው አካል የሚፈልገው «ግንዛቤ ማስጨበጫ» ነው። ጸሐፊውም ይፈራል። ለአንዱ ገጸ ባሕርይ እውነተኛ ክርክር ከሰጠው የዚያ ወገን ደጋፊ ነህ ይባላል። ስለዚህ ለአንዳቸውም አይሰጥም። ፍርሃቱን አልንቀውም፤ ሰው እየሞተ ያለበት ጉዳይ ነው። ግን ተመልካቹ በቤቱ የሚያስበውን ነገር መድረክ ላይ ካልሰማው፣ እሱም መድረኩን አያምነውም። የተቀመጠው ሰውዬ ልቡ ውስጥ «እነሱም እኮ...» እያለ ነው። ያ «እኮ» ጮክ ብሎ መሰማት አለበት። ከዚያ ነው የሚመለስለት።

ደግሞስ ደሴ ቁጭ ብለን ታሪክ አጣን እንላለን? ቦሩ ሜዳ እዚሁ አጠገባችን ነው። በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ እዚያ ጉባኤ አድርገው የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ አዘዙ። ከወረ ሂማኖ የኢማሞች ቤት የሆኑት መሐመድ አሊ ተጠመቁ። የክርስትና አባታቸው ራሳቸው ዐፄ ዮሐንስ ናቸው። ስማቸው ሚካኤል ሆነ። ሼህ ጦልሃ ደግሞ እምቢ ብለው ሸፈቱ፤ ተዋጉ። አንዱ ስሙን ሰጥቶ ሕዝቡን ከእሳት ልጠብቅ ያለ ይመስላል። ሌላው ስሜን ከሰጠሁ የምጠብቀው ሕዝብ የቱ ነው ያለ ይመስላል። የቡንቱና የሲዝዌ ክርክር ነው፤ ከዚያ ተውኔት 94 ዓመት ቀድሞ፣ ደጃችን ላይ።

ታሪኩ እዚያ ቢያበቃ እንኳ ተውኔት ይሆን ነበር። አላበቃም። ራስ ሚካኤል ዐድዋ ላይ የወሎን ፈረሰኛ ይዘው ዘመቱ። የዐፄ ምኒልክን ልጅ አገቡ፤ ኢያሱን ወለዱ። በ1906 ዓ.ም. ንጉሥ ተባሉ። ከ2 ዓመት በኋላ ልጃቸው ከዙፋን ወረደ። ከቀረቡበት ክሶች ዋናው እስልምናን ተቀብሏል የሚል ነበር። አባት ከ38 ዓመት በፊት የተዉት ነገር በልጃቸው ላይ ክስ ሆኖ ተመለሰ። ንጉሥ ሚካኤል ጦራቸውን ይዘው ወረዱ። ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ሰገሌ ላይ ተሸነፉ፤ ተማረኩ።

አንድ ሰው አገር የጠየቀውን ሁሉ ከፈለ። ስሙን፣ የአባቱን እምነት፣ የፈረሰኞቹን ደም። ከዚያ ልጁን «የማን ዘር እንደሆነ እናውቃለን» አሉት። ኦቴሎ ይህ ነው። ቬኒስ ሲቸግራት ስሙን የምትጠራው ሰው ነው። ኦቴሎ መጨረሻ ላይ ራሱን ሲወጋ፣ አንድ ጊዜ አሌፖ ላይ ቬኒሳዊን የመታ ቱርክ እንዴት እንደገደለ እየተረከ ነው። ገዳዩም እሱ ነው፤ ተገዳዩም እሱ ነው። ሰገሌ ላይ ሚካኤል የሚዋጉት ለማን ነበር? ለልጃቸው? ለዙፋኑ? መሐመድ አሊ ለሚባል አንድ ሰው? ይህን የታሪክ መጽሐፍ አይመልስልንም። መድረክ ግን ሊጠይቀው ይችላል።

ንጉሡ ያሠሩት አዳራሽ ዛሬም ደሴ ውስጥ ቆሟል። ስሙ አይጠየፍ ነው። ማንንም የማይጠየፍ፣ ሁሉ ገብቶ የሚበላበት። ይህን ስም ያወጣ ሰው መጠየፍ ምን እንደሆነ ያውቅ ነበር ብዬ አስባለሁ።

በመጨረሻው የልምምድ ቀን ለወጣቶቹ አንድ የቤት ሥራ ሰጠኋቸው። ንጉሥ ሚካኤል ወደ ሰገሌ ሊዘምቱ ነው። ሌሊት ነው። አይጠየፍ ውስጥ ብቻቸውን ተቀምጠዋል። ከበሩ አንድ ድምፅ በድሮ ስማቸው ይጠራቸዋል፤ «መሐመድ!» ዞር ይላሉ ወይስ አይሉም?

ክርክሩ ጦፈ። ሁለቱ ይዞራሉ አሉ። ሦስቱ ንጉሥ ነው፣ አይዞርም አሉ። አንዷ ሳይዞር እጁ ብቻ ይንቀጠቀጥ አለች፤ እኔም ወደድኩት። ኦቴሎ የሚሆነው ልጅ ግን ምንም አልተናገረም። ስንወጣ ዝናቡ አባርቶ ነበር። መንገድ ላይ ጠጋ ብሎኝ፣ «ጋሼ» አለኝ፤ «የሚጠራው ማን እንደሆነ አልነገርከንም። እናቱ ከሆነች ይዞራል።»